የታናሹ ዳኛ ፊርማ

ፌደሬሽኑ በተመሠረተ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ ዝናቡ ሊያባራ ዳር ዳር በሚልበት ወራት፣ በዋና ከተማው ኮረብታ ላይ የተገነባው የፌደራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከጣሪያው እስከ ምድር ቤቱ ያንጠባጥብ ነበር። ግንቡን ያሠሩት ሹማምንት ለግርማው እንጂ ለጣሪያው ብዙ አልተጨነቁለትም፤ ከፊት ለፊት ሲያዩት ምሰሶዎቹ ያስፈራሉ፤ ከምሰሶዎቹ ወዲያ ግን በየመተላለፊያው ባልዲ ተደቅኗል፣ ባለጉዳይም ባልዲውን እየተሻገረ ወደ ችሎት ይገባል። ከዋናው በር በላይ ሕገ መንግሥቱ የሕጎች ሁሉ የበላይ መሆኑን የሚናገር ቃል በድንጋይ ተቀርጾ ነበር፤ ውሃው ዘወትር ስለሚወርድበት ፊደሉ አረንጓዴ ለብሷል።

በዚያ ዓመት ሰውን ያስጨነቀው ግን ከጣሪያው የሚወርደው ሳይሆን ከምክር ክፍሉ የሚወጣው ነበር።

ፌደሬሽኑ የየራሳቸው ምክር ቤት፣ የየራሳቸው ገዢና የየራሳቸው ዳኞች ያሏቸው ክፍለ ግዛቶች ኅብረት ነበር፤ በላያቸው ደግሞ የራሱ ዘብና የራሱ ወህኒ ቤት ያለው ማዕከላዊ መንግሥት ተቀምጧል። ሁለቱ በተጋጩ ጊዜ «ሕገ መንግሥቱ ምን ይላል?» ተብለው የሚጠየቁት ሰባት ዳኞች ናቸው። ሰባቱ ክርክሩን በአደባባይ ይሰሙና በላይኛው ፎቅ ወዳለው ምክር ክፍል ገብተው በሩን ይዘጋሉ፤ በዚያ የተባለው በዚያ እንዲቀር መሐላ አለባቸው። በመሐላው ላይ ልማድ ተጨምሮበታል፤ ድምፅ ሲሰጥ ታናሹ ዳኛ ይጀምራል፣ አንጋፋው ይጨርሳል። ታናሹ የታላላቆቹን ፊት እያየ ሐሳቡን እንዳያጥፍ ታስቦ የተበጀ ብልሃት ነው። በሩ ሲንኳኳ ተነስቶ የሚከፍተውም ታናሹ ነው፤ ይህኛው እንኳ ብልሃት አይደለም፣ ታናሽ መሆን ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ያ መሐላ ፈረሰ። ሰባቱ ዳኞች ያለ ፍርድ የታሰረ አንድ የትምህርት ቤት መምህር እንዲለቀቅ በዝግ በር ከተስማሙ በኋላ፣ ፍርዱ ገና ሳይነበብ የፌደራሉ ዘብ መምህሩን በካሚዮን ጭኖ ከወንዙ ማዶ ወዳለ ምሽግ አሻገረው፤ በማግስቱ ፍርዱ ለባዶ የተከሳሽ ሳጥን ተነበበ፤ የምሽጉ አዛዥም እንዲህ የሚባል እስረኛ አላውቅም ብሎ መለሰ። መምህሩን ከዚያ ወዲህ ያየው ሰው የለም። ጣት የተቀሰረው በዚያን ጊዜው ታናሽ ዳኛ ላይ ሆነ፤ ከመንግሥቱ ነገረ ፈጅ ጋር አንድ ገበታ ቀርቦ ታይቷል ተባለ። ማንም ፊት ለፊት «አንተ ነህ» አላለውም፤ ሰላምታ እያሳጠሩ፣ ሲገባ ወሬ እያቋረጡ፣ ወንበራቸውን ከወንበሩ ፈቀቅ እያደረጉ አስወጡት። ጋዜጣው በጤና ምክንያት ሥራውን ለቀቀ ብሎ ጻፈ።

በዚያ በተለቀቀው ወንበር ላይ የተሾመው የዚህ ታሪክ ባለቤት ነው። ለዓመታት በጥብቅና ሲሠራ የኖረ፣ ሳቂታና ተናጋሪ የነበረ ሰው ነው፤ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ ወዲህ ግን ሳቁን ቤቱ ትቶ ይመጣል። ከወንበሩ የተነሳው ሰው በሠርጉ ዕለት ቀለበቱን በኪሱ ይዞ ከጎኑ የቆመው ሚዜው ነበር። ሐሜቱ በተነሳ ጊዜ ለሚዜው አንዲት ቃል አልተነፈሰለትም፤ ለምን ቢባል፣ እሱም ውስጥ ውስጡን ጠርጥሮት ነበር። ይህ ሳይበቃ የሚስቱ አባት በአገር ግዛት ሚኒስቴር ከፍ ያለ ሹመት አላቸው። እናም ታናሹ ዳኛ ገና ካባውን ሳያሟሸው፣ ስድስቱ ታላላቆቹ የመንግሥት ጆሮ ነው ብለው ጨርሰውት ነበር።

የዚያ ክረምት ትልቁ ጉዳይ የአታሚው ጉዳይ ነበር። በወንዙ ዳር ባለው ክፍለ ግዛት አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ያለችው ሰው፣ የፌደራል ዘብ በገበያ ውስጥ ያደረሰውን ድብደባ በአንድ ገጽ ወረቀት አትሞ አሠራጨ፤ ዘቡም ያዘውና በገዛ አገሩ ባለው የፌደራል ወህኒ ቤት ዘጋበት። የክፍለ ግዛቱ ዳኛ «እስረኛውን አቅርቡልኝ» ብሎ አዘዘ፤ የዘቡ አዛዥ «እኔ የምታዘዘው ለማዕከላዊ መንግሥት ነው» ብሎ ትእዛዙን መለሰ። ጉዳዩ ከፌደራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እስረኛውም በዋና ከተማው ዘብ ቤት እንዲቆይ ተደረገ። የአታሚው ሚስት በየቀኑ ከፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ፣ ከአንደኛው ምሰሶ ሥር ትቀመጣለች፤ ገብታ አትጮህም፣ የሰው እጅ ይዛ አትለምንም፤ የሚገባውን ዳኛ ሁሉ ፊቱን ታየዋለች።

በችሎት የክፍለ ግዛቱ ጠበቃ እንዲህ ሲል ተከራከረ፤ «ክቡራን ዳኞች፣ ሕገ መንግሥቱ ለታሰረ ሰው ሁሉ በአቅራቢያው ያለ ዳኛ ፊት የመቅረብ መብት ሰጥቶታል፤ ያሰረው ሰው የለበሰው መለዮ ይለያል ብሎ አላስቀረም።»

የመንግሥቱ ነገረ ፈጅ፣ ሁልጊዜ ብርድ ብርድ የሚለውና ጃንጥላውን ከእጁ የማይለይ ወፍራም ሰው፣ በዝግታ ተነስቶ መለሰ፤ «የፌደራል ዘብ በየክፍለ ግዛቱ ዳኛ የሚታዘዝ ከሆነ፣ ክቡራን፣ ፌደሬሽን የሚባለው ነገር የቀረው ሰንደቅ ዓላማው ብቻ ነው። ዛሬ አታሚ ያስፈታል፤ ነገ ሽፍታ ያስፈታል።»

ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ሁለቱም የተናገሩት ውሃ የሚያነሳ ነው። ከዳኞቹ መካከል አንጋፋው፣ ጢማቸው ነጭ፣ ወገባቸው ቀጥ ያለ፣ ከፌደሬሽኑ መሥራቾች ጋር ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁ ሽማግሌ፣ እንደ ልማዳቸው ክርክሩን ሁሉ ራሳቸውን ቀስ ብለው እየነቀነቁ አሳለፉት። አንጋፋው በችሎት ጥያቄ አይጠይቁም፤ የሕግ ተማሪዎች ዝምታቸውን እንደ ጥልቀት ቆጥረው ይኮርጁት ነበር። እውነቱን ስድስቱ ዳኞች ያውቁታል፤ ሽማግሌው መስማት ከተሳናቸው ቆይተዋል። የቀረበውን ጽሑፍ ሁሉ ግን ቃል በቃል ያነብባሉ፤ አእምሯቸውም እንደ ምላጭ ነው፤ ስለዚህ ማንም አፍ አውጥቶ «ክቡርነትዎ አይሰሙም» ሊላቸው አልደፈረም። በምክር ክፍሉ ከበዋቸው ይቀመጡና ከፍ አድርገው ይናገራሉ። ከፍ አድርገው ማለት፣ ይጮኻሉ።

በምክር ክፍሉ የመጀመሪያው ቀን ዋና ዳኛው ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረ። ቀጭንና ቁጡ ሰው ነው፤ ከመምህሩ ጉዳይ ወዲህ በበሩ ላይ ወፍራም መጋረጃ አስሰቅሏል፣ ችሎት አስከባሪውን ከመተላለፊያው ጫፍ አርቆ አስቁሟል፣ የተጻፈ ወረቀት ሁሉ እዚያው እንዲቀደድ አዟል።

«ከዚህ ክፍል ዛሬ አንዲት ቃል ብትወጣ ከማን እንደወጣች አውቃታለሁ» አለና ወደ ሌላ ማንም ሳያይ ታናሹን አየ።

«ምን አሉ?» አሉ አንጋፋው፣ ጀርባቸውን ለአሮጌው ምድጃ ሰጥተው ከተቀመጡበት። ጢሱ ስለሚያስላቸው ምድጃው ከተሠራ ጀምሮ እሳት አይቶ አያውቅም።

«ምስጢር ይጠበቅ ነው የምለው!» ብሎ ዋና ዳኛው ጮኸላቸው።

በዚያ ቀን ታናሹ ዳኛ አንድ ጥያቄ አነሳ። የክፍለ ግዛት ዳኛ ዘቡን ማዘዝ ባይችል እንኳ፣ ዘቡ ሰው ያሰረበትን ምክንያት ቀርቦ እንዲያስረዳ መጠየቅ አይችልም ወይ? በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም? በክርክሩ ማንም ያላነሳው ነጥብ ነበርና ዳኞቹ ለጥቂት ጊዜ ጥርጣሬያቸውን ረስተው እንደ ወጣት ተማሪ ተሟገቱ፤ ከዚያም የመጨረሻውን ክርክር ሰምተው ሊወስኑ ተለያዩ።

በማግስቱ ነገረ ፈጁ ማንም ሳይጠይቀው ተነስቶ፣ «ምናልባት በማዘዝና ምክንያት በመጠየቅ መካከል ልዩነት አለ የሚል ሐሳብ ቢነሳ» ብሎ ጀመረና መልሱን በሥርዓት ደረደረ። ታናሹ ዳኛ ደሙ ወደ ፊቱ ሲወጣ ተሰማው። ወደ ግራ ቢዞር የዋና ዳኛው ዓይን ነው፤ ወደ ቀኝ ቢዞር ጎረቤቱ ወንበሩን ፈቀቅ አድርጓል።

ማታ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ካፖርቱን ተቀብላ ሰቀለችለት። ራት አልበላም። ቆይቶ ቆይቶ፣

«አባትሽ ስለ አታሚው ጉዳይ ጠይቀውሽ ያውቃሉ?» አላት።

«አባቴ? እኔን?»

«እንቅልፍ ላይ የምናገረው ነገር የለም?»

«ሰውየው፣ እኔን ነው የምትጠረጥረው?»

«ጠረጠርኩሽ አልወጣኝም።»

«ታዲያ ምንድን ነው ያልከው? በል እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ሶፋው ላይ ተኛ፤ ሶፋው ዘመድ የለውም» አለችና መኝታ ቤቱን ዘጋችበት። ታናሹ ዳኛ ሶፋው ላይ ተጋድሞ አፈረ። ባለቤቱን በሐሰት መጠርጠሩ አሳፈረው፤ የባሰው ግን ጥርጣሬው አሁንም ፈጽሞ አለመልቀቁ ነው። ሚዜውንም እንዲህ ነበር የጠረጠረው፤ ምንም ሳያይ፣ ምንም ሳይሰማ፣ ሌላ የሚጠረጥረው ሰው በማጣት ብቻ።

ድምፅ በሚሰጥበት ቀን የዳኞቹ መወጣጫ ደረጃ ጣሪያው ውሃ አዝሎ ኖሮ ጠዋት ላይ ተደረመሰ። ሌሎቹ ቀድመው ወጥተዋል፤ ታናሹ ሲደርስ ችሎት አስከባሪው እጁን ዘርግቶ አገደው።

«ክቡር ዳኛ፣ ልስኑ ገና እየወረደ ነው። ለዛሬ ብቻ በጠበቆች ክፍል በኩል ቢወጡ ምን ይመስልዎታል?»

ዳኛ በጠበቆች ክፍል አያልፍም፤ ነውር ነው። ታናሹ ግን ያችን ክፍል ከማንም ይልቅ ያውቃታል፤ ጠበቃ ሳለ ዕድሜው ያለቀው እዚያ ነው። ገባ። ክፍሉ ባዶ ነበር፤ ጠበቆቹ የመዝገብ ቤቱ መስኮት ጋ ተሰልፈዋል። የነገረ ፈጁ ጃንጥላ ከግድግዳው ተደግፎ ውሃ ያንጠባጥባል፤ የነገረ ፈጁ ወንበር፣ መቀመጫው ላይ ትራስ የተጣለበት ያ ወንበር፣ እንደ ድሮው ከጥጉ ነው። ታናሹ ዳኛ ድሮ በዚያ ወንበር ሲስቅ ነበር፤ ብርዳሙ ሰውዬ እሳት ከሌለው ምድጃ ምን ይሞቃል እያለ። አሁን ግን ቆም ብሎ አየው። ወንበሩ ፊቱን ከመስኮቱ አዙሮ ወደ ምድጃው ነው። የምድጃውን አፍ ይዘጋ የነበረው ቆርቆሮ ተነስቶ በጎን ቆሟል።

ከዚያም ከምድጃው ውስጥ፣ ከጢስ መውጫው፣ የሰው ድምፅ ወረደ።

«ታናሹ ገና ነው እንዴ?»

«አልመጣም ክቡርነትዎ!» አለ የዋና ዳኛው ጩኸት፣ ጆሮው ሥር የቆመ ያህል። «ደረጃው ተደርምሶ ነው!»

«ማን ሞተ?»

«ደረጃው! ደረጃው ነው የተደረመሰው!»

ታናሹ ዳኛ ወደ ምድጃው አፍ ጎንበስ አለ። የላዩና የታቹ ምድጃ የጢስ መውጫቸው አንድ ነው። ላይ አንጋፋው ጀርባቸውን ለምድጃው ሰጥተው ይቀመጣሉ፤ ስድስት ዳኞች ቁልፍ ዘግተው፣ መጋረጃ ጥለው፣ ወደ ሽማግሌው፣ ማለትም ወደ ምድጃው፣ ዞረው የአገሩን ምስጢር ይጮኻሉ። ከሃዲ የለም። ሚዜው ንጹሕ ነው። መምህሩን ያጠፋው የአንድ ሰው ክህደት አልነበረም፤ አንድን ሽማግሌ «አይሰሙም» ላለማለት የተደረገ ጨዋነት ነው። ሊስቅም ሊያለቅስም ዳዳው፤ ሁለቱንም ሳያደርግ የነገረ ፈጁ ኮቴ ተሰማውና በውስጥ ደረጃው በኩል ወጣ። ከማጠፊያው ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያይ፣ ነገረ ፈጁ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጭንቅላቱን ወደ ምድጃው ዘንበል አድርጎ ነበር።

ከደረጃው እስከ ምክር ክፍሉ ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ታናሹ ዳኛ በዚያች አጭር መንገድ ነገሩን ከሁሉም በኩል አገላበጠው። ለዋና ዳኛው ቢነግረው ክፍሉ ይለወጣል፤ ነገረ ፈጁ ባነነ ማለት ነው፤ አታሚው ያኔውኑ እንደ መምህሩ ይጫናል። ደግሞስ ከስድስቱ አንዱ የምድጃውን ነገር አውቆ ዝም ያለ ቢሆንስ? ከሁሉ የከፋው ሌላ ነው። ሦስት ዳኞች ለመንግሥት እንደሚያደሉ፣ ዋና ዳኛው፣ አንጋፋውና አንድ ሌላ ዳኛ ደግሞ ለክፍለ ግዛቱ እንደሚያደሉ ከትናንት በስቲያው ሙግት ታውቋል፤ ቆራጩ እሱ ነው። የአንጋፋው አለመስማት በአደባባይ ከወጣ፣ ክርክሩን በጆሮው ያልሰማ ዳኛ የፈረደው ፍርድ ፈራሽ ነው ተብሎ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል፤ እስከዚያ ደግሞ እስረኛው የት ይገኛል?

ገባና በሩን ዘጋ። ዋና ዳኛው ሰላም እንኳ ሳይለው «ይጀምሩ» አለው።

ታናሹ ዳኛ ተነሳ። ወደ አንጋፋው ቀረበ፤ እንደ ልማዱም ወደ ምድጃው ፊት ለፊት ቆመ። በሕይወቱ እንደዚያ ጮኾ አያውቅም።

«የክፍለ ግዛት ዳኛ በፌደራል ዘብ ላይ ምንም ሥልጣን የለውም! እስረኛው ባለበት ይቆይ! ድምፄን ለመንግሥት ሰጥቻለሁ!»

ዋና ዳኛው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «ጠብቄው ነበር» አለ፤ ይህንን ግን ቀስ ብሎ ነው ያለው። ድምፁ ዞሮ አንጋፋው ላይ ደረሰ፤ አንጋፋው በሚንቀጠቀጥ ድምፅ፣ የታሰረ ሰው ዳኛ እንዲያየው እኔ ራሴ በእጄ ጽፌዋለሁ፣ ስጽፈው መለዮ አልለየሁም አሉና ለክፍለ ግዛቱ ሰጡ። አራት ለሦስት፤ መንግሥት ረታ። ዋና ዳኛው ይህንኑ ለአንጋፋው ጮኾ አስረዳቸው። ሽማግሌው ወደ ታናሹ ቀና ብለው ሲያዩት ዓይናቸው ውሃ ሞልቶ ነበር። ከታች፣ በጣም በስሱ፣ ወንበር ሲጎተት የሰማው እሱ ብቻ ነበር።

የፍርድ ቤቱ ሥርዓት እንዲህ ነበር፤ የበዙትም ያነሱትም ሐሳባቸውን ይጽፋሉ፤ በማግስቱ ጠዋት ሰባቱ ይሰበሰቡና እያንዳንዱ ከሁለቱ በአንደኛው ላይ ይፈርማል፤ እስኪፈረም ድረስ ዳኛ ሐሳቡን ቢለውጥ ደንቡ አይከለክልም፤ የለወጠ ግን ታይቶ አይታወቅም። መንግሥት ልቡ ሞልቶ ስለነበር በዚያ ጠዋት ራሱ አታሚውን አጅቦ ወደ ችሎት አመጣው፤ የአታሚውን ሽንፈት ሰው እንዲያይለት ነው። የክፍለ ግዛቱ ጠበቃ እጅ በሰጠ ፊት ተቀምጧል። የአታሚው ሚስት ለመጀመሪያ ጊዜ ከምሰሶዋ ተነስታ ገብታ ነበር።

በምክር ክፍሉ ታናሹ ዳኛ ብዕሩን አነሳና ዋና ዳኛው ለክፍለ ግዛቱ በጻፈው ሐሳብ ግርጌ ፈረመ።

ዋና ዳኛው ፊርማውን አየ፤ ደግሞ አየው። «እርስዎ» ማለቱን ተወ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ሐሳቤን ለውጫለሁ።»

«ትናንት እንደዚያ ጮኸህ? በትናንትና በዛሬ መካከል ማን አናገረህ? ማን ምን ሰጠህ?»

ታናሹ ዳኛ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤ ምድጃውን አየ፣ አንጋፋውን አየ። «ማንም አላናገረኝም» አለ። ሲሰሙት ውሸት የሚመስል እውነት ነበር።

ፍርዱ ተነበበ። በፌደሬሽኑ ውስጥ የታሰረ ማንኛውም ሰው፣ ያሰረው ኃይል የየትኛውም መንግሥት ቢሆን፣ በአካባቢው ዳኛ ፊት የመቅረብ መብት አለው፤ የክፍለ ግዛቱ ዳኛ ትእዛዝ ጸንቷል፤ እስረኛው እዚሁ ችሎት ፊት ካለበት ሳይንቀሳቀስ ለክፍለ ግዛቱ የፍርድ ቤት ሹም ይሰጥ። የዘቡ መኮንን ወደ ነገረ ፈጁ ዞረ። ነገረ ፈጁ ግን ወደ መኮንኑም ወደ ዋና ዳኛውም አላየም፤ ታናሹን ዳኛ አየው፣ ከዚያ ዓይኑን ወደ ጣሪያው አነሳ፤ ሁሉን ተረዳ። ምን ይበል? ተታለልኩ ለማለት መጀመሪያ ሰማሁ ማለት ሊኖርበት ነው። ጃንጥላውን ያዘና ተቀመጠ። አታሚው ከሳጥኑ ሲወጣ እግሩ ተሳሰረ፤ ሚስቱ በእጁ ሳይሆን በኮቱ እጅጌ ይዛው ወጣች፣ ሰው እንዳይነጥቃት የፈራች ይመስል ነበር።

ታናሹ ዳኛ በዚያው ሳምንት የምክር ክፍሉ ምድጃ ለአንጋፋው ብርድ እያመጣባቸው ነው በሚል ሰበብ ግንበኛ አስጠርቶ አስደፈነው። ከዚያ ወዲህ ከምክር ክፍሉ አንዲት ቃል ወጥታ አታውቅም። ዳኞቹም ይህን ልብ አሉ፤ የደረሱበት መደምደሚያ ግን ሌላ ነበር። ምስጢር አሾላኪው በዚያ ፊርማ ቀን እጅ ከፍንጅ ሊያዝ ሲል ደነገጠና ተወ ተባባሉ። ለመንግሥት ሠራ፣ ከዚያ መንግሥትን ሸጠ፤ ነገ ደግሞ ማንን እንደሚሸጥ አይታወቅም። አማቱ በራቸውን ዘጉበት፤ ሚስቱ ከሶፋው መለሰችው፣ ነገር ግን አንድ የደበቃት ነገር እንዳለ ታውቅ ነበርና እስከ መጨረሻው ሙሉ በሙሉ አልሳቀችለትም። እሱም ለማንም አልተናገረም፤ አንጋፋው በሕይወት ሳሉ ቢናገር ፍርዱ ይነቀላል፤ ከፍርዱ ጋር አታሚውም፣ ከአታሚው በኋላ በዚያ ፍርድ የተፈቱት ሁሉ ይመለሳሉ።

የአንድ ሰው ነገር ግን አላስችል አለው። ሚዜው በአንድ የኢንሹራንስ ቢሮ፣ የተጋጩ መኪናዎችን ጉዳት እየገመተ ይኖር ነበር። ታናሹ ዳኛ ከቢሮው ድረስ ሄደ። ሚዜው ከወንበሩ አልተነሳለትም።

«ክቡር ዳኛ፣ መኪና ተገጨብዎት?»

«አታላግጥ። ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። አንተ እንዳልሆንክ አውቃለሁ።»

ሚዜው እርሳሱን አስቀመጠ። ፊቱ ለአፍታ ፈካ፤ ያች አፍታ ታናሹን ዳኛ ዕድሜ ልኩን አልለቀቀችውም። «ታውቃለህ? ታምናለህ ነው ወይስ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። በእርግጥ አውቃለሁ።»

«ከምን አወቅህ?»

ታናሹ ዳኛ ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«እኮ፣ ከምን አወቅህ? ማን ነበር?»

«እሱን ልነግርህ አልችልም።»

«መሐላ ነው?»

«መሐላም አይደለም። ብቻ አልችልም። እመነኝ።»

የፈካው የሚዜው ፊት ቀስ በቀስ ተመልሶ ተዘጋ። «እኔ ሌሊት ሌሊት እያሰብኩ፣ እነዚያን ሰዎች አንድ በአንድ እየጠረጠርኩ ነው የኖርኩት» አለ፤ «አንድም ቀን በእርግጥ አወቅሁ ብዬ አላውቅም። ንጹሕ ሰው በእርግጥ ሊያውቅ አይችልም። በእርግጥ የሚያውቅ እጁ ያለበት ሰው ብቻ ነው።» ከዚያ እርሳሱን አነሳ። «ወንበሬን ፈልገህ ነበር፣ አገኘኸው። አሁን ደግሞ ይቅርታዬን ፈለግህ። በሩን ስትወጣ ሳበው፣ ብርድ ይገባል።»

ታናሹ ዳኛ በሩን ሳበው።

አንጋፋው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በክብር አረፉ፤ ቀባሪው ጎዳናውን ሞልቶት ነበር፤ ስለ ዝምታቸው ጥልቀት ንግግር ተደረገ። ይህን ጊዜ ታናሹ ዳኛ እውነቱን ይዞ እንደገና ወደ ኢንሹራንስ ቢሮው ሄደ፤ ሚዜው በዚያው ክረምት እንደሞተ ነገሩት። ከዚያ በኋላ ለማንም የሚነግርበት ምክንያት አልነበረውም።

የአታሚው ፍርድ በሕግ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ ይጠናል። በፌደሬሽኑ የተነሱት ትላልቅ የሕገ መንግሥት ትርጉሞች ሁሉ በእሱ ላይ ቆመዋል፤ ካሚዮን ተደቅኖላቸው ሳለ ከዳኛ ፊት የቀረቡ ሰዎች ቁጥር ቀላል አይደለም። የፍርድ ቤቱን ታሪክ የጻፉት ሊቃውንት ስለ ዋና ዳኛው ድፍረትና ስለ አንጋፋው ጥበብ በሰፊው ያትታሉ። ስለ አራተኛው ድምፅ ግን፣ ታናሹ ዳኛ ባልታወቀ ምክንያት በመጨረሻው ሰዓት ሐሳቡን ለወጠ የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ ከእሱ በፊት የነበረው ዳኛ ደግሞ ምስጢር በማውጣት ተጠርጥሮ መልቀቁ በግርጌ ማስታወሻ ተጠቅሷል። ሁለቱም እንዳሉ ቀርተዋል።

ግንቡ በታደሰ ጊዜ ሠራተኞቹ በምክር ክፍሉ የተደፈነውን ምድጃ አገኙት። ውስጡ ጥላሸት እንኳ አልነበረውም። አንደኛው ሠራተኛ እሳት ያልነደደበት ምድጃ እንዲህ አጥብቆ መድፈን ምን ያደርጋል ብሎ ጠየቀ፤ የሚመልስለት ስላልነበረ ቀለም ቀቡበት።